ከኋላ የምትቀመጠው ሴት

በጎንደሯ ወገራ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ሁለት ሴቶች ይጠሩላት ነበር። አንደኛዋ ፊት ለፊት የምትቀመጠው አዋላጅ ናት። እጇን ቅቤ ቀብታ ሕፃኑን ትቀበላለች፣ እትብቱን ትቆርጣለች፣ የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ትጠብቃለች። ሁለተኛዋ ከኋላ ናት። መደቡ ላይ ተቀምጣ የምታምጠውን ሴት በጉልበቶቿ መሃል ታስገባና ሁለት እጇን በብብቷ ሥር አሳልፋ ታቅፋታለች። ምጡ ሲመጣ አብራት ታምጣለች፤ ጋብ ሲል ላቧን ትጠርግላታለች፤ ጆሮዋ ሥር ሆና «አይዞሽ፣ ማርያም አለችልሽ» ትላታለች።

አያቴ በሁለቱም ቦታ ተቀምጣለች። ስታወራን ግን የምታነሳው ከኋላ ሆና ያቀፈቻቸውን ሴቶች ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጁን ታያለች፣ ከኋላ የተቀመጠች እናቲቱን ትሰማለች ትል ነበር። ልጁን ሳታይ፣ የጀርባዋን መንቀጥቀጥ ብቻ አዳምጣ፣ ምጡ መግፋቱንና አለመግፋቱን ታውቅ ነበር።

ለዚች ሴት የሙያ መጠሪያ የለንም። ለፊተኛዋ «አዋላጅ» አልን፤ ለኋለኛዋ እናት፣ እህት፣ አክስት፣ ጎረቤት ከማለት ያለፈ ቃል አላስፈለገንም። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዳና ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመችው መጽሐፍ ከግሪክ ያገኘችውን «ዱላ» የሚል ቃል ከወሊድ በኋላ እናቲቱን ለምትረዳ ሴት አዋለችው። ኋላ ላይ በምጥ ጊዜ አብራ የምትሆነዋም በዚሁ ተጠራች። በእኛ ፊደል ከበትር ጋር ስለሚምታታ ቃሉን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

የጎንደር ታሪክ ሲነገር ግንቡና አርባ አራቱ ታቦት ይነሳሉ። የነገሥታቱን ስም እስከነ ዘመናቸው የሚዘረዝር ሽማግሌ አይጠፋም፤ እቴጌይቱን ወይም አንዷን ወይዘሮ ስታምጥ ያቀፈቻትን ሴት በስም የሚጠራ ግን እኔ አላጋጠመኝም። ስለ ወሊድ በጽሑፍ የቆየው የወንዶቹ ድርሻ ነው። ደብተራው በብራና ላይ ጸሎተ ሱስንዮስን ይጽፋል፤ ሕፃናትን የምትቀስፈውን ውርዝልያን ቅዱሱ ድል እንዳደረጋት የሚተርከውን ማለቴ ነው። ነፍሰ ጡሯ ክታቡን አንገቷ ላይ ታስራለች። ጳጉሜን 3 ደግሞ የሩፋኤል ነው፤ ሊቀ መላእክቱ «ፈታሔ ማኅፀን» ይባላልና ነፍሰ ጡሮች ይሳሉታል። ልጆቿን ተራ በተራ የቀበረች ሴት «ሾተላይ አለባት» ይባል ነበር፤ ዛሬ ሐኪሞቻችን ይህንኑ ቃል ለእናትና ለልጅ የደም አለመጣጣም ይጠቀሙበታል፤ በመርፌ መከላከልም ይቻላል። የክታቡንም የመርፌውንም ታሪክ አከብራለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያቀፈችው ሴት ግን በሁለቱም ውስጥ የለችም።

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በወለቃና በሌሎቹ የቤተ እስራኤል መንደሮች ሥርዓቱ ሌላ መልክ ነበረው። ሴቲቱ የወር አበባዋን በምታሳልፍበት በመርገም ጎጆ ወልዳ ወደ አራስ ጎጆ ትዛወር ነበር፤ ወንድ ከወለደች እስከ 40፣ ሴት ከወለደች እስከ 80 ቀን ከመንደሩ ሰው አትቀላቀልም ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ መገለል ብቻ ያዩታል። እኔ እንደዚያ አላየውም። እዚያ ጎጆ ውስጥ ሴቲቱ ውኃ አትቀዳም፣ እህል አትፈጭም ነበር፤ ምግቧ ይመጣላት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱት እናቶች መካከል፣ ንጹሕ ሆስፒታል አግኝተው እንኳን፣ የዚያን ጎጆ ዕረፍትና የሴቶቹን አብሮነት የናፈቁ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ያለውን የደምቢያን ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ፈጀው። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከዚያ የበቀለ ነው። ኮሌጁ የሚያሠለጥነው ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነበር፦ የጤና መኮንን፣ ሳኒታሪያንና ኮሙኒቲ ነርስ። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው እንደ ቆላድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠሩ ነበር። ኮሙኒቲ ነርሶቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የማዋለድ ሥራ ተምረው የገበሬ ቤት እያንኳኩ ይገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመጣው ሁሉ ለልቤ የሚቀርበው ይህ አሠራር ነው።

በደርግ ዘመን የልምድ አዋላጆች ይሠለጥኑ ነበር። አያቴም ከሠለጠኑት አንዷ ናት። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» እያለች ሄደች፤ ምላጭ፣ ሳሙናና ክር ተቀብላ መጣች። ከዚያ በኋላ ያልተቀቀለ ምላጭ እትብት ነክቶ አያውቅም። አደገኛውን ሆድ ማሸት ግን አልተወችም፤ ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው። ደም የፈሰሳትን፣ ልጁ የተጋረጠባትን ሴት አያቴም ሆነች ሌላዋ አዋላጅ ማዳን አይችሉም ነበር። ቃሬዛ ተይዞ ዳገት ቁልቁለቱ ሲወጣና ሲወረድ በመንገድ የቀሩትን ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ሦስት ቀን አምጠው በሕይወት ከተረፉትም ሽንት መያዝ የሚያሳጣው ፌስቱላ ይዟቸው ከሰው የተለዩ አሉ።

ስለዚህ መንግሥት ፊቱን ወደ ጤና ተቋም ማዞሩ ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም የተወለደው ከ100 ሕፃናት 5 ብቻ ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ አለ። የሚሞቱት እናቶችም በ2000 ከ100,000 ወሊድ 871 ይገመቱ የነበሩት በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል፣ አምቡላንስ ገብቷል፣ የእናቶች ማቆያ ተሠርቷል። ሴቶቹ «እዚያ ገንፎ የለም፣ ቡና የለም» ሲሉ ገንፎውና ቡናው ጤና ጣቢያ ድረስ ገባ። ይህን ያሰበ ሰው እናቶቻችንን ያዳመጠ ሰው ነው።

ከኋላ የምትቀመጠዋ ግን በር ላይ ቀረች።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በአንድ የደጋ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙን አላነሳም፤ በሌላውም ቦታ እንደዚያው ነበርና። በፔርሙዝ አጃ ይዤ ማዋለጃው ክፍል በር ላይ ተቀመጥኩ። ነጠላዋ በእጄ ነው። «ወይኔ እናቴ» ስትል እሰማለሁ፤ እናታችን አጠገቤ ናት፤ ሁለታችንም መግባት አልተፈቀደልንም። ውስጥ ያለችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ለሦስት እናቶች ትሯሯጣለች። ክፉ አልነበረችም። ሦስት አልጋ ያለመጋረጃ ተደርድሮ የአንዷ ቤተሰብ ሲገባ የሌላዋ ገመና ይታያል፤ ይህም ገብቶኛል። እህቴ ግን አጥንት በሚሰብር ብርድ፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ የሚይዛት እጅ ሳታገኝ ሌሊቱን አነጋች። ልጁ ጤነኛ ነው፤ አጃው ቀዘቀዘ። ሁለተኛውን እቤቴ ነው የምወልደው አለችኝ፤ መልስ አጣሁ።

ያኔ ባውቅ ኖሮ የጓቲማላውን ነገር እነግራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት ነው። ብዙ እናት በሚያስተናግድ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት የማያውቋት ሴት ገብታ እጃቸውን እየያዘች፣ ወገባቸውን እያሸች፣ እያናገረች አብራቸው ቆየች። እሷ ያለችላቸው ምጣቸው በአማካይ 9 ሰዓት አልሞላም፤ ብቻቸውን ያማጡት ከ19 ሰዓት በላይ ወሰደባቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ17 አገሮች 15,000 የሚበልጡ እናቶችን ያካተቱ 26 ጥናቶች ተጠቃለሉ፤ እስከ መጨረሻው አብሯት የሚሆን ሰው ያገኘች እናት በራሷ ምጥ የመውለዷ ዕድል ሰፋ፣ በቀዶ ጥገና የመውለዷ ጠበበ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው መመሪያ እናቲቱ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጧ ጊዜ አጠገቧ እንዲሆን መከረ። አያቴ ይህን ሳታነብ አለፈች።

ባለፉት ዓመታት ጦርነት ሲመጣ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ሲቆም የሰሜን ጎንደር ሴቶች እንደገና እቤታቸው ወልደዋል። የልምድ አዋላጆቹ ማዋለድ ትተው ስለነበር እጃቸው ፈርቷል፤ ምላጩና ሳሙናውም የለም። ከኋላ መቀመጡን ግን አልረሱትም። እነዚህን ሴቶች የጤና ጣቢያው ሰዎች ብናደርጋቸው፣ ልጁን ነርሷ ተቀብላ እናቲቱን እነሱ ቢያቅፉ፣ አንዲት ነርስ ለሦስት አልጋ በምትሯሯጥበት ሌሊት ማን ይጠላዋል? የሚያስፈልገው መጋረጃ፣ ንጹሕ ገዋንና ጫማ፣ አንድ በርጩማ ነው።

እህቴ ሁለተኛውን እቤቷ አልወለደችም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም አብሬሽ እገባለሁ ብዬ ምዬላት ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን። በር ላይ የቆመችው አዋላጅ ነርስ ልጅ እግር ናት። «እናቷ ነሽ?» አለችኝ። እህቷ ነኝ፣ ከኋላ ልይዛት ነው አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝና ገዋን አምጥታ አለበሰችኝ። አልጋው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ከኋላ ለመቀመጥ ቦታ የለውም። ነርሷ በአንድ በኩል ያዘች፣ እኔ በሌላው፣ ገፋ አደረግነው።