ከአግድም ዘንግ ወደ አሠልጣኝነት፦ የኤቢ ግሮስፌልድ የሥራ ሕይወትና የኮሌጅ ጂምናስቲክ



የዛሬው ንግግሬ የአንድን ሰው የሥራ ሕይወት ይከተላል፤ ጥያቄው ግን ከአንድ ሰው ይሰፋል። የስፖርት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሜዳሊያ ነው። ሜዳሊያውን ያጠለቀው ይወደሳል፤ ያሠለጠነው አልፎ አልፎ ይጠቀሳል፤ አሠልጣኙን ያፈራው ተቋም ግን ከናካቴው ይዘነጋል። እንግዲህ የጂምናስቲክ ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው በምን መንገድ ነው? መንገዱ ሲዘጋስ ምን ይጠፋል? ለዚህ ጥያቄ አሜሪካዊውን ኤቢ ግሮስፌልድን በምሳሌነት መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሮስፌልድ በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። የኮሌጅ ስፖርተኛ የሆኑት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ከ1939 እስከ 1942 ድረስ የአሜሪካን የኮሌጆች ሻምፒዮና በተከታታይ ያሸነፈ፣ በጂምናስቲክ ሥር የሰደደ ልማድ የነበረው ተቋም ነበር። በ1958 ኢሊኖይ ከሚሺጋን ስቴት ጋር እኩል ወጥቶ የቡድን ዋንጫውን ሲጋራ፣ የሁሉም መሣሪያዎች ድምር አሸናፊ የሆኑት ግሮስፌልድ ነበሩ።

በ1956 በሜልቦርን፣ በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ለአገራቸው ተሰለፉ። ሮም 1960 ለእኛ የአበበ ቢቂላ ኦሊምፒክ ነው። አበበ በባዶ እግሩ የማራቶን ድል በተቀዳጀባት በዚያችው ከተማ፣ የጂምናስቲክ ውድድር በጥንቱ የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ውስጥ ይካሄድ ነበር። በወንዶች ቡድን ጃፓን አንደኛ፣ ሶቪየት ኅብረት ሁለተኛ ሆኑ፤ አሜሪካ ያገኘችው አምስተኛ ደረጃ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ስድስተኛ ነበረች። በሶቪየት ኅብረት ስፖርተኛውን የሚደግፈው መንግሥት ነበር። በአሜሪካ ግን ወጣቱ ጂምናስት ለከፍተኛ ውድድር የሚዘጋጅበት ዋናው ስፍራ የኮሌጅ አዳራሽ ነበር፤ ትምህርቱን ሲጨርስ አዳራሹም ይቀርበታል። በሥራው ለመቆየት ለሚሻ ሰው የቀረው ሰፊ በር አሠልጣኝነት ነበር።

ግሮስፌልድ በዚህ በር የገቡት በ1963 ነው። የሄዱበት የሳውዘርን ኮኔቲከት ስቴት ኮሌጅ ዝነኛ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ በ1893 በኒው ሄቨን ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ የተመሠረተ ተቋም ነበር። በዚያም አርባ ዓመት ያህል አሠለጠኑ። ቡድናቸው በ1973፣ በ1975ና በ1976 የሁለተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ጠባይ ጥቂት ልበል። ጂምናስቲክ ከመጽሐፍ ብቻ የሚቀሰም ዕውቀት አይደለም። በአግድም ዘንግ ላይ የሚሽከረከር ወጣት ዘንጉን አንድ አፍታ ቀድሞ ቢለቅ ወይም ቢዘገይ ይወድቃል። አሠልጣኙ ከሥር ቆሞ በእጁ ይደግፈዋል፤ ትክክለኛዋን ቅጽበት ተማሪው በሰውነቱ እስኪያውቃት ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። ያቺን ቅጽበት ራሱ በዘንግ ላይ ያሳለፋት ሰው ሲያስተምር፣ ከቃል በፊት እጁ ይናገራል። ስለዚህ ዕውቀቱ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ አንድ በአንድ ነው።

የዚህ ውጤት በ1976 በሞንትሪያል ታየ። የግሮስፌልድ ተማሪ የነበረው ፒተር ኮርማን በወለል እንቅስቃሴ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ከ1932 ወዲህ፣ ማለትም ከአርባ አራት ዓመት በኋላ፣ አሜሪካዊ ወንድ ጂምናስት ያገኘው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ይህ ነበር። ኮርማንም በተራው አሠልጣኝ ሆነ።

ግሮስፌልድ በ1972፣ በ1984ና በ1988 የአሜሪካ የወንዶች ኦሊምፒክ ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆነው ተመርጠዋል። ከሦስቱ ጎልቶ የሚታየው የ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ውድድር ነው። አሜሪካ 591.40፣ ቻይና 590.80 ነጥብ አስመዘገቡ፤ ልዩነቱ 0.60 ብቻ ነበር። አገሪቱ በቡድን ወርቅ ስታገኝ ከ1904 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሶቪየት ኅብረት በውድድሩ ስላልተገኘች ድሉን የሚያሳንሱ አሉ፤ ነጥቡም ቸል ሊባል አይገባም። ይሁን እንጂ የተሸነፈችው ቻይና ከአንድ ዓመት በፊት በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮን የነበረች መሆኗን አብሮ ማየት ያሻል።

ድሉ የማን ነው? ለአንድ አሠልጣኝ ብቻ መስጠት ስሕተት ይሆናል። ፒተር ቪድማር፣ ቲም ዳጌትና ሚች ጌይሎርድ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ጂም ሃርተንግና ስኮት ጆንሰን የነብራስካ፣ ባርት ኮነር ደግሞ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ፍሬዎች ነበሩ። የነብራስካው አሠልጣኝ ፍራንሲስ አለን ራሳቸው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ጂምናስት ነበሩ፤ የግሮስፌልድ ረዳት ማኮቶ ሳካሞቶም ከኮሌጅ ጂምናስቲክ የወጡ ኦሊምፒያን ናቸው። የግሮስፌልድ ሕይወት እንግዲህ ልዩ ገድል ሳይሆን የአንድ ረጅም ሰንሰለት ቀለበት ነው። ሰንሰለቱ ሁልጊዜ ድል እንደማያመጣም በ1988 በሴኡል ታይቷል፤ ቡድኑ አሥራ አንደኛ ወጣ።

የሰንሰለቱ ዕጣ ግን ከአንድ ሽንፈት የከፋ ሆነ። የ1984ቱ ውድድር የተካሄደው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነበር። የወርቁን ቡድን ግማሽ ያፈራው ይኸው ዩኒቨርሲቲ፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ የወንዶች ጂምናስቲክ ቡድኑን ለመዝጋት ወሰነ፤ በ1994 ቡድኑ ታሪክ ሆነ። ሌሎችም ተከተሉ፤ አይዋና ሚኒሶታ በ2020 ተመሳሳይ ውሳኔ አስታወቁ። ዛሬ በመላ አገሪቱ የቀሩት የኮሌጅ የወንዶች ቡድኖች ከሃያ አይበልጡም። ሆኖም በ2024 በፓሪስ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኙት አምስት አሜሪካውያን ከስታንፎርድ፣ ከሚሺጋንና ከፔን ስቴት የወጡ ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የበጀት ሠንጠረዥ የአንድን ቡድን ወጪ ያሳያል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሊነሣ የሚችለውን አሠልጣኝ ግን አያሳይም። ሁለተኛ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዕውቀት አንድ ትውልድ ከዘለለ በገንዘብ ብቻ አይመለስም፤ የሚደግፈው እጅ ይጠፋልና። ታሪክ ጸሐፊ ሜዳሊያን ሲቆጥር፣ ከሜዳሊያው ጀርባ ያለውን የማስተማሪያ አዳራሽ አብሮ ሊቆጥር ይገባዋል።