ትራክተርና ተጎታች መበተኛ፡- ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ክብደቱ

በትርፍ ጊዜው እርሻ የጀመረ የከተማ ሰው ትራክተር ሊገዛ ሲሄድ የመጀመሪያ ጥያቄው "ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?" የሚል ነው፡፡ ለማረሻ ከሆነ ጥያቄው ያስኬዳል፡፡ ኮምፖስት ወይም ኖራ ለሚበትን ተጎታች ግን ቀድሞ መታየት ያለበት ክብደት ነው፡፡ ዳገት ላይ ትራክተሩ ተጎታቹን ይስባል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ተጎታቹ ትራክተሩን ይገፋል፡፡

የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ የአምራቾች መመሪያዎች ያዛሉ፡፡ ስለዚህ 3 ቶን የሚመዝን ትራክተር ከነጭነቱ 4.5 ቶን የሆነ መበተኛ ይጎትታል፤ ከዚያ በላይ አይጎትትም፡፡

ስህተቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው ሳጥኑ በኩቢክ ሜትር ተለክቶ ስለሚሸጥ ነው፡፡ ባዶውን 1.5 ቶን የሚመዝን፣ 3 ኩቢክ ሜትር የሚይዝ መበተኛ እንውሰድ፡፡ ኮምፖስት በኩቢክ ሜትር 0.7 ቶን ቢሆን አጠቃላይ ክብደቱ 3.6 ቶን ነው፡፡ ያው ሳጥን 1.3 ቶን በሚመዝን የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲሞላ 5.4 ቶን ይደርሳል፡፡ በጎጃምና በወለጋ ደጋማ አካባቢዎች አሲዳማ አፈርን ለማከም በሔክታር የሚያስፈልገው ኖራ በቶን ስለሚቆጠር "ሞልተን ምልልሱን እንቀንስ" የሚለው ፈተና ቀላል አይደለም፡፡ ለዚህ ትራክተር ግን ልኩ 3 ቶን ኖራ ነው፤ ሳጥኑ ሩብ ያህል ይጎድላል፡፡

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ፡፡ ትራክተሩና ተጎታቹ በድምሩ 7.5 ቶን ናቸው፡፡ የታረሰ ልል መሬት ከክብደቱ 10 በመቶ፣ 10 በመቶ ዳገት ደግሞ ሌላ 10 በመቶ የመጎተት ኃይል ይጠይቃሉ እንበል፡፡ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 33 የፈረስ ጉልበት ገደማ መሬት ላይ መድረስ አለበት፡፡ በማርሽና በጎማ መንሸራተት 20 በመቶ ሲባክን 42 ይሆናል፤ መበተኛውን ለሚያሽከረክረው ዘንግ (ፒቲኦ) 15 ብንጨምርለት 57፡፡ ነገሩ በዚህ አያበቃም፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፡፡ ደብረ ማርቆስን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሩቡን ሊያጣ ጥቂት ነው የሚቀረው፡፡ ስለሆነም ካታሎጉ ላይ 75 የተጻፈበት ትራክተር ሥራውን የሚወጣው ያለምንም ትርፍ አቅም ነው፡፡ ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ የሚያጣው በጣም ያነሰ በመሆኑ ለደጋ እርሻ የዋጋ ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል፡፡

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት ሌላ ነገር አለ፡፡ በአንድ አክስል የቆመና ጭነቱን ወደ ኋላ እየገፋ የሚበትን ሳጥን መጀመሪያ የሚጎድለው ከፊቱ ነው፡፡ ያኔ በመጎተቻው ላይ ያረፈው ክብደት ይቀንስና የትራክተሩ የኋላ ጎማዎች መሬት የመቆንጠጥ አቅማቸው ይላላል፡፡ ሥራውን ሲጀምር ያልተንሸራተተው ትራክተር ማሳው መሀል ላይ የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሾፌሩን ከመቆጣት በፊት ይህን ማየት ይበጃል፡፡

ቁልቁለት ላይ ዝቅተኛው ማርሽ መግባት ያለበት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፡፡ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፍሬን ለሌለው ተጎታች ፈጽሞ አይፈቀድም፡፡ እርሻው ገደላማ ከሆነ ደግሞ ተለቅ ያለ ትራክተር ከመፈለግ ይልቅ የራሱ ፍሬን ያለው መበተኛ ቢገዛ ይመረጣል፡፡