«ሉፕ» የሚለው ስምና ታሪኩ



በሐዋሳ ከተማ አንዲት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ ሉፕ ስትጠይቅ፥ የምትጠራው ስም ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ምናልባት አታውቅም። ስሙ የመጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ሊፕስ በ1954 ዓ.ም. ገደማ ካስተዋወቁት፥ ከተጠማዘዘው የፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ሐዋሳም በሐይቋ ዳር የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ስለ ሆነ፥ ከተማይቱና ስሙ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል።

በዚያን ዘመን ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መናገር ቀላል አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ይከለክል ነበር። የሆነ ሆኖ የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ተመሠረተ። መንግሥትም በ1985 ዓ.ም. ባወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች በአማካይ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ አቀደ።

የዛሬው መሣሪያ የጥንቱን ስም ቢወርስም ሌላ ነው። የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ያለው፥ መዳብ የተጠመጠመበትና 10 ዓመት ያህል የሚያገለግል ነው። ሴትዮዋ መውለድ ስትሻ በባለሙያ ይወጣላታል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ካገቡት ሴቶች መካከል የሚጠቀሙበት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ።

አንዱ ምክንያት «ወደ ልብ ይወጣል» የሚለው ወሬ ነው። መሣሪያው ግን በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ እንጂ ወደ ልብ የሚሄድ አይደለም። ከአባላዘር በሽታ እንደማይከላከልም ማወቅ ይገባል።

እንግዲህ ሕጉ ተለውጧል፥ መሣሪያውም ተለውጧል፤ ያልተለወጠው ወሬው ነው። እኅቶቻችን ከጎረቤት ወሬ ይልቅ ባለሙያን ጠይቀው በራሳቸው ፈቃድ ይወስኑ ዘንድ፥ እኛም በየቤታችን እውነቱን እንናገር።