የአሶሳ ሽመል፤ ከምንጣሮ እስከ ሙቀት

የአሶሳ ደን ሲነሣ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ሽመል ነው። ይህ የቆላ ቀርከሃ እንደ ደገኛው ውስጡ ክፍት ሳይሆን ድፍን ነው። የበርታ ሕዝብ ቤቱን የሚሠራበት፣ ግቢውን የሚያጥርበት፣ በክረምትም ለጋ ቡቃያውን የሚመገበው ተክል ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምት የአገሪቱን የቀርከሃ ደን ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ሲያደርሰው፣ 850 ሺህ ያህሉ የቆላው ዓይነት ነበር።

ከሙቀቱ በፊት የደረሰበት ምሳር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድርቅ ከመታቸው ክፍላተ ሀገር ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያጓጉዝ፣ አሶሳ ከዋነኞቹ የሠፈራ ቦታዎች አንዷ ነበረች። ለእርሻና ለመኖሪያ ሲባል ብዙ ጫካ ተመነጠረ። በዚህ ሠፋሪውን መውቀስ የሚገባ አይመስለኝም፤ ረኃብ ያፈናቀለው ሰው ነበርና።

የተረፈው ሽመል የገጠመው ፈተና ግን ሌላ ነው። ሽመል በየዓመቱ አያብብም። ለአሥርት ዓመታት ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይኖርና በአንድ ወቅት በጅምላ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ይህ በአሶሳ አካባቢ ደርሶ ሰፊ ደን ደርቋል። እንግዲህ የደኑ ዕድል በወደቀው ዘር እጅ ነው ማለት ነው።

ሙቀቱ የሚጎዳውም በዚህ በኩል ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው የውሃ ተን 7 በመቶ ያህል ከፍ ስለሚል፣ በግርድፉ ሲሰላ የአየሩ የማድረቅ ኃይል በ9 በመቶ ግድም አድጓል። ይኸውም ዝናቡ ባይቀንስ እንኳ የበጋው ሣርና የደረቀው ሽመል ፈጥኖ ለእሳት ይዘጋጃል ማለት ነው። ሥሩን ያጠነከረ ሽመል ከተቃጠለ በኋላ ያቆጠቁጣል፤ ከዘር የበቀለው ጨቅላ ግን ይህን አይችልም።

የዕጣን ዛፍም ከዚህ የራቀ ዕጣ የለውም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ ተተኪ ችግኝ በመጥፋቱ ዛፉ በ50 ዓመት ውስጥ 90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልቷል፤ ከምክንያቶቹ መካከል እሳትና ልቅ ግጦሽ ይገኙበታል።

ስለዚህ ለሽመሉ የሚያስፈልገው ዘር በወደቀበት መሬት ዙሪያ በጥቅምት መጨረሻ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ የእሳት መከላከያ መስመር ማውጣትና ቡቃያው ሥር እስኪያጠነክር ድረስ ከብት እንዳይገባ ማድረግ ነው። ለዚህ ሥራ ምሳርና መጥረጊያ ይበቃል፤ ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪው ከእሳት ለቃቂው ገበሬ ጋር በቀኑ መስማማት ነው።