ማሟሟቅ

ማሟሟቅ ከስፖርት ልምምድ ወይም ከውድድር በፊት ሰውነትን ቀስ በቀስ ለከባድ እንቅስቃሴ ማዘጋጀት ነው። በእንግሊዝኛ «ዋርም አፕ» ከሚባለው ቃል ጋር አቻ ሲሆን፣ በስፖርተኞች ንግግር «ዋርማፕ» እየተባለም ይነገራል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከስፖርት ውጭ ለምግብ፣ ለሞተር፣ ለአየር ጠባይ፣ ለመድረክና ለሰው ጠባይ ጭምር ያገለግላል። ስለዚህ በአማርኛ እንደ አገባቡ የተለያዩ ቃላት ይፈታዋል።

የቃሉ አመጣጥ

«አሟሟቀ» የተገኘው «ሞቀ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ አንዱ ፊደል ተደግሞ የሚረባ ነው። «ቆመ» ከሚለው «አቋቋመ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ሞቀ» «አሟሟቀ» ይወጣል። ድግግሞሹ ድርጊቱ ባንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ መሆኑን ያመለክታል። «አሞቀ» እና «አሟሟቀ» የሚለዩትም በዚህ ነው፤ ወጥ ይሞቃል፣ ሰውነት ግን ይሟሟቃል። ድርጊቱ ወይም መሣሪያው በስም ሲጠራ «ማሟሟቂያ» ይባላል።

በድምፅ የሚቀርበው «ማሟሸት» ከዚህ ሥር የወጣ አይደለም። አዲስ ምጣድ እንጀራ እንዲያወጣ ማዘጋጀት «ምጣድ ማሟሸት» ይባላል። ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባት በፊት የሚቀርብ ወግም «የነገር ማሟሻ» ይባላል። በትርጉም ረገድ ይህ አነጋገር ለእንግሊዝኛው ቃል ቅርብ ነው።

ሰዋስው በእንግሊዝኛ

«ዋርም አፕ» ግስ ሲሆን ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ይጻፋሉ፤ በንግግር ጠንከር ብሎ የሚሰማው «አፕ» ነው። ስም ሲሆን በሰረዝ ይያያዛሉ፤ ጠንከር የሚለውም «ዋርም» ይሆናል። ተሳቢው ስም ከሆነ በሁለቱ ቃላት መካከልም ሆነ ከኋላቸው ሊገባ ይችላል። ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መካከል ላይ ብቻ ይገባል፤ «ዋርም ኢት አፕ» ይባላል እንጂ «ዋርም አፕ ኢት» አይባልም። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ የሚቀራረቡት «ሊምበር አፕ» እና «ሉዝን አፕ» ሲሆኑ ሁለቱም ሰውነትን ማፍታታትን ያመለክታሉ። «ሂት አፕ» ለምግብና ለዕቃ ይነገራል እንጂ ለስፖርተኛ አይነገርም። ተቃራኒው «ኩል ዳውን» ነው፤ በአማርኛ ከልምምድ በኋላ ሰውነትን ማቀዝቀዝ ይባላል።

በአማርኛ የሚቀራረቡ ቃላት

ማፍታታት፦ መገጣጠሚያንና ጡንቻን ከድርቀት ማላቀቅ። የማሟሟቅ አንድ ክፍል ነው።

ማሳሳብ፦ ጡንቻን መወጠር። ከማሟሟቅ ጋር አንድ አይደለም።

የአቋም መፈተሻ ጨዋታ፦ ከዋናው ውድድር በፊት የሚደረግ ግጥሚያ። እንግሊዝኛው ይህንንም «ዋርም-አፕ» ይለዋል።

በዕለት ተዕለት ንግግር

ምግብ፦ «ወጡን አሙቂው» ይባላል፤ «አሟሙቂው» አይባልም።

ሞተር፦ «መኪናውን ሳታሞቅ አትንዳ።»

አየር፦ «ረፋዱ ላይ ሞቅ ይላል።»

መድረክ፦ ከዋናው ድምፃዊ በፊት የሚወጣው «መድረኩን ያሟሙቃል»።

የሰው ጠባይ፦ ዓይን አፋር እንግዳ ቀስ በቀስ ሲጫወት «ተፍታታ» ወይም «ተላመደ» ይባላል። እዚህ ላይ «ሞቀ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። «ሞቅ ብሎታል» ማለት መጠጥ ትንሽ ይዞታል ማለት ነውና።

በጫንጮና በሱሉልታ

ሱሉልታና ጫንጮ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ባሻገር፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሱሉልታ ከሰበታና ከቡራዩ ጋር በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ ተካትታለች። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታና ሰፊ ሜዳ ስላለው የረጅም ርቀት ሯጮች ይለማመዱበታል። አትሌት ቀነኒሳ በቀለም በሱሉልታ የመሮጫ ትራክ ያለው የልምምድ ማዕከል አሠርቷል።

ሯጮች ልምምድ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ በማለዳ ነው። በበጋው ወራት የማለዳው ብርድ የሚበረታ በመሆኑ በዚህ አካባቢ ማሟሟቅ በቆላ ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ይጠይቃል። ሯጮቹ ቱታቸውን ሳያወልቁ በዝግታ ሮጠው፣ እጅና እግራቸውን አፍታተው፣ ፍጥነት በትንሽ በትንሹ ጨምረው ወደ ዋናው ሥራ ይገባሉ። በአካባቢው በስፋት በሚነገረው ኦሮምኛ ማሞቅ «ሆኢሱ» ይባላል።

ለሰውነት ያለው ጥቅም

ሰውነት ሲሟሟቅ የልብ ምት ይጨምራል፣ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ይጨምራል። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የጡንቻው አቅም ከ2 እስከ 5 በመቶ እንደሚሻሻል ጥናቶች ያመለክታሉ።

የማሟሟቅ የተለመደ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

1. ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የዝግታ ሩጫ፤
2. በእንቅስቃሴ ላይ ሆኖ ማፍታታት፣ ለምሳሌ ጉልበት ወደ ላይ እያነሱ መሄድና እግርን ማወናጨፍ፤
3. ወደ ዋናው ፍጥነት የሚቀርቡ አጫጭር ሩጫዎች።

ማሟሟቅን ከማሳሳብ ጋር ማደባለቅ የቃላት ስሕተት ብቻ አይደለም። ሰውነት ሳይሞቅ አንድ ጡንቻን ቆሞ ከ60 ሰከንድ በላይ መወጠር የጡንቻውን ኃይልና ፍጥነት ለጊዜው ይቀንሳል። «ሰውነትህን አሟሙቅ» የተባለ ጀማሪ በማለዳ ብርድ ቆሞ ጡንቻውን ቢወጥር የታዘዘውን አላደረገም ማለት ነው። ረዘም ያለ ማሳሳብ ከልምምድ በኋላ፣ ሰውነት እንደሞቀ፣ ቢደረግ ይመረጣል።

በእግር ኳስ ፊፋ ያስተዋወቀው «11 ፕላስ» የተባለ የማሟሟቂያ መርሐ ግብር አለ። 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሩጫን ከጥንካሬና ከሚዛን መጠበቂያ ልምምድ ጋር ያጣምራል። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ጉዳትን በጉልህ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ከኳስና ከሜዳ በቀር ልዩ መሣሪያ ስለማይጠይቅ ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ቡድኖችም ይሆናል።