ሞተሪኖው ምን አጠፋ?

የድሮ የጀልባ ሞተር ገዝተው ይፈቱታል፤ ያጥቡታል፤ የፒስተን ቀለበቱን ይቀይሩለታል፤ ቀለም ቀብተው እንደ ሙሽራ ያስጌጡታል። ከዚያ ቁልፉን ሲያዞሩት «ግርር… ግ…» ብሎ ዝም! አሜሪካ ውስጥ የድሮ ሞተር ለሚያድሱ ሰዎች (ከ1965 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር ሁሉ አላቸው) ይህ የተለመደ ጣጣ ነው። ፍርዱም የተለመደ ነው፤ «ሞተሪኖው ደክሟል፣ ይቀየር!» እኔ ግን ዛሬ ለሞተሪኖው ጥብቅና ልቆም ነው። ለዚህ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ኦሌ ኤቭንሩድ ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ የሚልዋኪ መካኒክ ነበር። በ1906 በጋ ኦካውቺ በሚባል የዊስኮንሲን ሐይቅ ዳር ለሽርሽር ወጥተው ሳለ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ቤስ አይስክሬም አማራት ይባላል። ማዶ ድረስ ቀዝፎ ገዝቶ ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጧል። ታሪኩ ያምራል፤ ስለሚያምርም ትንሽ እጠረጥረዋለሁ። የማያጠራጥረው በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር ነው፤ 1.5 የፈረስ ጉልበት፣ 28 ኪሎ ግድም። የመጀመሪያው ግን አልነበረም፤ ካሜሮን ዋተርማን ቀድሞታል። የኦሌን ሞተር ገበያ ያስገባው አንድም ማስታወቂያው ነው፤ እሱን የጻፈችው ደግሞ ቤስ መሆኗን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ያ ሞተር የሚነሳው በእጅ ነበር። አናቱ ላይ ያለውን ከባድ ቮላኖ እጀታውን ይዞ ማሽከርከር ነው። ወደ ኋላ ከመታ የጣት አጥንት አለቀለት። የመኪና ሰዎችም በማኖቬላ ክንዳቸው ይሰበር ነበር። (ሞተሪኖ፣ ቮላኖ፣ ማኖቬላ… ጋራዦቻችን ጣሊያንኛ ይናገራሉ እኮ!)

ከዚህ የገላገለን ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ሰውየው ቀደም ሲል ለካሽ ሬጅስተር የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶ ነበር። እዚያ የገባው ነገር፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ ሞተር የግድ ትልቅ መሆን እንደሌለበት ነው። ከአቅሙ በላይ ቢሠራም፣ ግሎ ሳይቃጠል ሥራው አልቆ ያርፋል። በዚህ ሐሳብ የሠራው ማስነሻ የ1912ቱ ካዲላክ ላይ ተገጠመ። እንደ ኦሌ ሞተር ከጀልባ ጀርባ በሚንጠለጠል ሞተር ላይ የደረሰው በ1930 ነው፤ ኦሌ ራሱ ይመራው በነበረው ኩባንያ። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበር ብዙ አልተስፋፋም። ተራው አሜሪካዊ ቁልፍ አዙሮ ጀልባ ማስነሳት የለመደው በ1950ዎቹ ነው። ዛሬ የሚታደሱት ብዙዎቹም የዚያ ዘመን ሞተሮች ናቸው።

እንግዲህ የሞተሪኖው ትንሽነት ዕዳ አለው። ትንሹ ነገር ያን ያህል ጉልበት የሚያወጣው ከባትሪው እጅግ ብዙ ከረንት ስቦ ነው። 150 አምፒር ይሳብ እንበል። መንገዱ ላይ ያለው እንቅፋት 0.02 ኦም ብቻ ቢሆን፣ ከ12ቱ ቮልት 3ቱ እዚያው ይቀራል። 0.02 ኦም ማለት የዛገ የገመድ ጫፍ ወይም በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ነው። ለአምፖል እንዲህ ያለው እንቅፋት ምንም አይደለም፤ ለሞተሪኖ ግን ጉሮሮ ማነቅ ነው።

አሁን ወደ ሙሽራችን እንመለስ። አዲሱ የፒስተን ቀለበት ገና ጥብቅ ስለሆነ ሞተሩ ከበፊቱ ይከብዳል። ያ የሚያምረው ቀለም ደግሞ ሞተሪኖው ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሸፍኖታል። ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ በኩል፣ በማሳው ነው። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በአጭሩ፣ ሰውየው ሞተሪኖውን ያነቀው ሲያስጌጠው ነው!

ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ቴስተር ማንሳት ይሻላል። መጀመሪያ ባትሪው በደንብ መሞላቱን ማየት፤ ሞተሩ ድንገት እንዳይነሳ ማርሹን ዜሮ ማድረግና የካንዴላዎቹን ገመዶች ነቅሎ ከማሳ ጋር ማገናኘት። ከዚያ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የሞተሪኖው ገላ ላይ አድርጎ ቁልፉን ማዞር ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ሌባው ማሳው ጋ ነው። በፖዘቲቭ በኩልም፣ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው መግቢያ፣ እንደዚሁ ይለካል። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ሞተሪኖው አሁንም ካቃተተ፣ ያን ጊዜ ይፈታና ካርቦኑ ማለቁ፣ ውስጡ መድረቁ ይታይ። ጥብቅናዬ እስከዚያ ድረስ ነው።

ቸኩሎ መጣሉ ግን ያሳዝነኛል። ኤቭንሩድን ይሠራ የነበረው ኩባንያ በ2000 ከሰረ፤ ስሙን የገዙትም በ2020 ማምረቱን አቆሙ። የ1950ዎቹን ሞተሪኖ አዲስ አድርጎ የሚሠራልን የኤቭንሩድ ፋብሪካ የለም። ደጋግሞ ቁልፍ በማዞር ማቃጠልም ያው መጣል ነው፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ሳያስጮሁ ማሳረፍ ይገባል።

ማሳው ከሆነ ደግሞ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው። ብሎኑን ፈትቶ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ መፋቅና መልሶ ማጥበቅ። ለውበቱ የሚጨነቅ ካለ፣ የተፋቀው ቦታ ከብሎኑ ሥር ስለሆነ አይታይም።