ባለ አንድ ዓይኑ ጠላት

የቆዩትን የአድዋ ሥዕሎች ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሳይታዘብ የማያልፈው ነገር አለ። በአንደኛው ወገን የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ እስከ ተራው ጋሻ ጃግሬ፣ በአብዛኛው ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ትይዩ የቆሙት ጣሊያኖች ግን ብዙዎቹ በጎን ስለተሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ይዋጋል፤ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በበዓሉ ዕለት ነውና። ይህን አሣሣል የችሎታ ማነስ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ዳሩ ግን ሁለት ዓይን ያለውን ወታደርም አንድ ዓይን ያለውንም የሣለው ያው አንድ እጅ ነው። ሠዓሊው ሁለቱንም ይችላል፤ የመረጠው አውቆ ነው።

ምርጫው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አድዋ ከመሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በብራና መጻሕፍትና በመቅደስ ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ ሰይጣንና ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች ደግሞ በጎን ይሣሉ ነበር። በምሴተ ሐሙስ ሥዕል ማዕዱን ከከበቡት መካከል ይሁዳን ለመለየት ጽሕፈቱን ማንበብ አያስፈልግም፤ ዓይኑን መቁጠር ይበቃል። ፊደል ላልቆጠረ ምእመን ሥዕሉ ፍርዱን ራሱ ይናገራል። የአድዋ ሠዓልያን ይህንኑ ደንብ ወደ ጦር ሜዳ ሲያወጡት ጣሊያንን በይሁዳ ወገን አቆሙት። ስለዚህ እነዚህን ሸራዎች እንደ ጦርነት ዘገባ ብቻ መመልከት በቂ አይመስለኝም፤ የተሣሉት እንደ ገድል ነው።

በዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የተመቱት የአክሱም ገንዘቦች ነገሥታቱን በአብዛኛው በጎን ያሳያሉ። ከዚያም አልፎ ምኒልክ ራሳቸው ከድሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ 1887 ተብሎ በተጻፈበት ብራቸው ላይ፣ ዘውድ ጭነው በጎን ይታያሉ። ታዲያ የጎን ፊት የክፉ ምልክት ከሆነ ንጉሡ እንዴት ፈቀዱ? መልሱ ያለው በሥዕሉ ዓይነት ላይ ነው። የአክሱም ገንዘብ የግሪክና የሮም ገንዘብ አመታትን የተከተለ ነው፤ የምኒልክ ብርም ፓሪስ ላይ በአውሮፓ ልማድ የተመታ ነው። በገንዘብ ላይ ያለው መልክ ብቻውን ነው፤ የሚሟገተው ባላጋራ የለውም። የጎን ፊት የሚፈርደው ሁለት ወገን በሚፋጠጥበት፣ ታሪክ በሚተርክ ሥዕል ውስጥ ነው።

በባይዛንታይንና በጣሊያን ሥዕልም ይሁዳ በጎን የተሣለበት ጊዜ አለ፤ ሐሳቡ የኛ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያው ልዩነት ደንቡን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ይዞ መቆየቱና በሕይወት ባለ የፖለቲካ ጠላት ላይ ማዋሉ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሠለጠኑት የጎን ፊት ከብዙ የአሣሣል ማዕዘኖች አንዱ ሆነ። በቤተ ክህነት ሥርዓት ያደጉት ግን ለውጭ አገር ሰዎች በሚሸጧቸው ሸራዎች ላይ ሳይቀር ጠላትን አንድ ዓይን እየሰጡ ቀጠሉ። ገዢው ደንቡን ባያውቀውም እነርሱ አልተዉትም።